ዜሮ ስንት ገጽ ይፈጃል?

እ.ኤ.አ. በ1970 ከኢትዮጵያ ለዓለም ጤና ድርጅት የተላከው የፈንጣጣ ታማሚ ቁጥር 722 ነበር። በማግስቱ ዓመት ቁጥሩ 26,329 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ 36 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ያን ዓመት አገሪቱን የሚያጠፋ ወረርሽኝ ገባባት ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ፈንጣጣው ያው የድሮው ፈንጣጣ ነበር፤ የበዛው ቆጣሪው ነው። በጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻው ሥራ ሲጀምር የኢትዮጵያ ሳኒተሪያኖችና ጤና ረዳቶች ከአሜሪካ ሰላም ጓዶች ጋር ሆነው መንደር ለመንደር መዞር ጀመሩ። ያገኙትን ጻፉ። ከዚያ በፊትም በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይታመም ነበር፣ ፊቱ በጠባሳ ይሞላ ነበር፣ ዓይኑ ይጠፋ ነበር፣ ይሞትም ነበር። ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ግን ለአዲስ አበባም ለጄኔቫም እንዳልተፈጠረ ያህል ነበር።

በዚያው በ1971 በመላው ዓለም የተመዘገበው የፈንጣጣ ታማሚ 52,807 ነው። 26,329ን ለዚህ ስናካፍለው ግማሽ ይሆናል። በምድር ላይ ከተመዘገቡት ሁለት የፈንጣጣ ታማሚዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር ማለት ነው። (የዓመት ሰንጠረዦቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠሩ ስለሆኑ እነሱን እንዳሉ ትቻለሁ፤ ሌላውን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፦ በ1972 16,999፣ በ1973 5,414፣ በ1974 4,439፣ በ1975 3,935፣ በ1976 915። በስድስት ዓመት ውስጥ ተገኝተው የተጻፉት በድምሩ 58,031 ሰዎች ናቸው። የመጨረሻዋን 915 ግን በትንሽነቷ አትለፏት። በ1976 በዓለም ሁሉ የቀረው ታማሚ 954 ብቻ ነበር። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ እኛ ጋ ነበር፤ የተቀሩት 39ኙ ሶማሊያ ነበሩ። ከጥንት ጀምሮ ነገሥታትንና ድሆችን ሳይለይ ሲያጭድ የኖረ በሽታ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብቻ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ የሚገመት በሽታ፣ ማብቂያው በዚህ በእኛ ቀጣና ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ እንዲህ ዘርዝሬ መጻፍ የቻልኩት ወረቀቱ ስላልተጣለ ነው። ስለ ፈንጣጣ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ክትባቱ ነው። ስለ ወረቀቱ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ወረቀቱ ነው።

ክትባቱማ መጠኑ ሲታይ ኢምንት ነው። በዘመቻው ላይ የዋለችው ጫፏ እንደ መንታ ሹካ የተሰነጠቀች መርፌ በአንድ ጊዜ የምትይዘው 0.0025 ሚሊ ሊትር ነው። ክንድ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ቸክ ቸክ ተደርጎ ያበቃል። ከአንድ ሊትር 400,000 ሰው ይከተባል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሕዝብ 25 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሁሉንም አንድ ሳይቀር ለመክተብ የሚያስፈልገው ፈሳሽ 62 ሊትር ተኩል ነው። ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሦስት ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። አንድ አህያና አንድ ሰው ከወንዝ ውሃ በሚያመላልሱበት ጀሪካን የአንድ አገር ሕዝብ ክትባት ይገባል።

አሁን ደግሞ ወረቀቱን እናስበው።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎብዬን አልፎ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ፣ መካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሜዳ። ያን ጊዜ አገሩ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የራያና ቆቦ አውራጃ ይባል ነበር። ለቆጣሪ እንደ ሮቢት ያለች መንገድ ዳር ያለች ከተማ ቀላሏ ናት፤ መኪና ይደርስባታል፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ገበያ አላት። ከባዱ ወደ ገበያዋ የሚመጣው ሰው ቤት ነው። ከዞብል ጀርባ ወርዶ እህል የሚሸጠው፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚመጣው፣ ከአፋር በኩል ከብት እየነዳ የሚገባው ሰው መንደሩ መንገድ የለውም። በአገር ደረጃ አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖር ነበር።

ስለዚህ ዘመቻው ገበያን መረብ አደረገው። ሠራተኞቹ ፊቱና እጁ ላይ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ይቆማሉ። «እንዲህ ያለ በሽተኛ በሰፈራችሁ አለ?» ይላሉ። አለ ያለ ሰው ካለ ተከትለውት ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ የቀናት መንገድ። ሲደርሱ ጉድፍ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ኩፍኝ፣ ወይም እከክ። ያም ይጻፋል። እውነተኛ ፈንጣጣ ከሆነ ቅጹ ይረዝማል፦ የመንደሩ ስም፣ የታማሚው ዕድሜና ጾታ፣ ሽፍታው የወጣበት ቀን፣ የክትባት ጠባሳ አለው ወይ፣ በሽታውን ከየት አመጣው፣ ማን ጠየቀው፣ እሱስ ማንን ጠየቀ። ዋናው የማጥፊያ ዘዴ ይህ ነበር። አገሩን ሁሉ በጅምላ መክተብ ሳይሆን ታማሚውን ፈልጎ አግኝቶ፣ በዙሪያው ያሉትን ከትቦ፣ ሰንሰለቱን መበጠስ። ሰንሰለቱ ደግሞ የሚታየው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አንድ እረኛ ከአንድ ለቅሶ ቤት ይዞት የመጣውን በሽታ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሁለት ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀኖቹን በማስተያየት ግን ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ከዚህም ይከብዳል። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ታማሚ በባሌ በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ተመዘገበች። በሽታው ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. መርካ ከተማ ላይ አሊ ማኦው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ከያዘ በኋላ በተፈጥሮ መንገድ የታመመ ሌላ ሰው አልተገኘም። ታዲያ በሽታው ጠፍቷል ብሎ ማን ያምናል? በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገረው ታማሚ 131 ሺህ ገደማ ሲሆን እውነተኛው ቁጥር ግን ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን እንደነበር በኋላ ተገምቷል። ከመቶ ታማሚ አንዱ ብቻ ነው ወረቀት ላይ የደረሰው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ዓለም «ዜሮ» ሲባል የሚጠረጥረው በምክንያት ነው። ያልተፈለገ ነገር ዜሮ ነው አይባልም። ተፈልጎ የታጣ ነገር ብቻ ነው ዜሮ። የፍለጋው ማስረጃ ደግሞ ወረቀት ነው።

ደንቡ የመጨረሻው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያለማቋረጥ መፈለግን ያዝዝ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያም በላይ ፈለገች፤ የፈንጣጣን መጥፋት የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መጥቶ የመረመራት በ1972 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዲሞ እስከዚያ ሦስት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በየሳምንቱና በየወሩ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሪፖርት የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የለም፣ የለም፣ የለም። ያ ዘመን ደግሞ አብዮቱ፣ የኦጋዴን ጦርነትና በየቦታው የሚነሳው ውጊያ የነበረበት ዘመን ነው። የዘመቻው ሄሊኮፕተሮች በጥይት ተመተዋል። በዚያ ሁሉ መሀል ግን አንድ ሰው በእግሩ ተጉዞ፣ ጠይቆ፣ ምንም አለማግኘቱን በካርቦን ወረቀት ሁለት ሦስት ቅጂ አድርጎ ላከ።

ዓለም ለእነዚያ ባዶ ወረቀቶች ያወጣው ጉልበት ሲደመር ማመን ያቅታል። ሕንድ ውስጥ በአንድ የፍለጋ ዘመቻ ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኛ ተሰማርቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤት ያንኳኳ ነበር። በ1978 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት እውነተኛ የፈንጣጣ ታማሚ ለሚጠቁም ሰው 1,000 የአሜሪካ ዶላር ሽልማት ቆረጠ። ጥቆማ መጣ፣ እያንዳንዱ ተመረመረ፣ ተጻፈ፤ ሽልማቱን የሚያስገኝ ፈንጣጣ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ኅዳር 29 ቀን 1972 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ፍራንክ ፌነር የሚመሩት ኮሚሽን ጄኔቫ ላይ በስድስት ቋንቋ በተጻፈ አንድ ገጽ ላይ ፈረመ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ሠላሳ ሦስተኛው የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። የአንዲቷ ገጽ ክብደት ከሥሯ ባለው ወረቀት ሁሉ ይለካል። ፌነር፣ ዶናልድ ሄንደርሰን፣ ኢሳኦ አሪታና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1988 (እ.ኤ.አ.) የዘመቻውን ታሪክ ሲያሳትሙ መጽሐፉ ከ1,400 ገጽ በለጠ፤ ያ እንኳ ማጠቃለያው ነው። ኢትዮጵያ በውስጡ ሰፊ ምዕራፍ አላት። ኦስትሪያዊው ኩርት ቫይታለርና ብራዚላዊው ሲሮ ዴ ኳድሮስ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በበቅሎና በእግር የሠሩት ሥራ እዚያ ሰፍሯል። ዴ ኳድሮስ በኋላ ላቲን አሜሪካን ከፖሊዮ ያጸዳውን ዘመቻ መሩ፤ የፍለጋውን ጥበብ የተማሩት እኛ ገደል ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የዘመቻው መዛግብት በዓለም ጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ተጠብቀው ቆይተው በ2017 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ይህ መዝገብ ለወረቀት፣ ለፎቶግራፍና ለድምፅ የሚሰጥ የዓለም ቅርስነት ነው። የእኛ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቅርሶችም በ1997 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ መዝገብ ገብተዋል። በራያና በባሌ ገበያ የቆመ የጤና ረዳት የሞላው ቅጽ ከብራና መጻሕፍት ጋር እኩል ለሰው ልጅ የሚጠበቅ ነገር ሆነ ማለት ነው። ተገቢ ነው እላለሁ። እንዲያውም ዘግይቷል።

ወረቀት መጠበቁ ግን በፈንጣጣ አልተጀመረም። የዓለም ጤና ድርጅት ሥራ የጀመረው በ1940 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ አባልነቱን የተቀበለችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ሚያዝያ 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ነበር። ከእሱ በፊት የመንግሥታቱ ማኅበር የጤና ክፍል ነበር። ዛሬም ድረስ በየሳምንቱ የሚወጣው የዓለም የወረርሽኝ መረጃ መጽሔት የተጀመረው በዚያ ክፍል ዘመን በ1926 (እ.ኤ.አ.) ነው። የማኅበሩ መዛግብት ጄኔቫ ናቸው። መደርደሪያዎቹ ጫፍ ለጫፍ ቢገጠሙ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ፤ ገጹ ወደ 15 ሚሊዮን ይጠጋል። ከ2017 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድ በአንድ ተነሥቶ ወደ ዲጂታል ተገለበጠ። 15 ሚሊዮን ገጽ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰው በደቂቃ አንድ ገጽ ቢያነብ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢቀመጥ፣ እሑድም በዓልም ሳይል ቢሠራ 31,250 ቀን ይፈጅበታል። ሰማንያ አምስት ዓመት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጀመረ ሰው የመጨረሻዋን ገጽ የሚገልጠው በ2013 ዓ.ም. ነበር።

1928ን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። በ1928 የደረሰባትን ደግሞ የራያ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከሮቢት በስተሰሜን ቆቦንና አላማጣን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ኮረም ይገኛል። ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ኮረም አካባቢ ሰፍሮ ሳለ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደበደበው። የቀይ መስቀሉ ምልክት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ በፊት ኅዳር 26 ቀን ደሴ፣ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደብድበዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው።

የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወኪል ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ይህን አገር ተመላልሰውበታል። በደሴና በኮረም ያዩትን፣ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለውን ሰው ጭምር፣ ለጄኔቫ ጽፈዋል። ኮሚቴው ያን ጊዜ ያወቀውን ሁሉ ለዓለም አልተናገረም። ወረቀቱን ግን አልጣለም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) መዛግብቱን ለተመራማሪዎች ከፈተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቀድሞ የኮሚቴው ወኪል የነበሩት ራይነር ባውደንዲስቴል ከእነዚያው ፋይሎች ተነሥተው በኢትዮጵያው ጦርነት የቀይ መስቀል ሰዎች ምን ያውቁ እንደነበርና ለምን ዝም እንዳሉ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። አንድ ተቋም በራሱ ላይ የሚመሰክር ወረቀት ስልሳ ዓመት አስቀምጦ በሩን ሲከፍት፣ ጥፋቱን ባያሽረውም ቢያንስ ለሞቱት ሰዎች ዕዳውን መክፈል ጀመረ እላለሁ። ኮረም ላይ ለቆሰለው ሰው ከአፍ ታሪክ ሌላ ምስክር ከሆኑት አንዱ ያ ፋይል ነው። የዚሁ ኮሚቴ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእስረኞች ካርድ ደግሞ ለብቻው በሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ የሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ዕጣ ተጽፎበታል። ዛሬ ማንም ሰው የአያቱን ስም በኢንተርኔት ይፈልግበታል።

ወረቀት ግን ይሞታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተመረተው የቢሮ ወረቀት አብዛኛው በውስጡ አሲድ አለው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ከውስጡ ይበላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነካ ይሰባበራል። የስቴንስል ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ የካርቦን ቅጂ ይፋቃል፣ የፎቶግራፍ ቀለም ይሸሻል። መዛግብት ጠባቂዎች የሚያውቁት አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፦ ክፍሉ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር የወረቀቱ ዕድሜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የራያ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በበጋ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን ብርቁ አይደለም። በ30 ዲግሪ ክፍል የተቀመጠ ቅጽ በ20 ዲግሪ ከተቀመጠው አቻው አራት ጊዜ ፈጥኖ ያረጃል። በ15 ዲግሪ ከተቀመጠው ስምንት ጊዜ። ይህ ምስጡን፣ አይጡን፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣሪያን ሳይጨምር ነው። ያው ቅጽ ሁለት ቅጂ ተሠርቶ አንዱ ጄኔቫ ሄዶ አንዱ አውራጃው ቢቀር፣ ሁለቱ መንትዮች እኩል አያረጁም። የአገራችን የጤና ታሪክ ብዙው ከአገር ውጭ የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይህ ተራ የሙቀት ጉዳይ ነው።

መዝገብ የሌለው ነገር ደግሞ አደገኛም ይሆናል። ፈንጣጣ ጠፋ ከተባለ በኋላ የቫይረሱ ማስቀመጫ እየተቀነሰ ሄዶ በሁለት ቤተ ሙከራ ብቻ ተወሰነ፤ አንዱ አሜሪካ አትላንታ፣ አንዱ ሩሲያ ኮልትሶቮ። በሐምሌ 2014 (እ.ኤ.አ.) ግን ዋሽንግተን አጠገብ ቤተዝዳ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ ሲያጓጉዝ ከቀዝቃዛ ክፍል የካርቶን ሣጥን ወጣ። በውስጡ በ1950ዎቹ የታሸጉ ስድስት የፈንጣጣ ብልቃጦች ነበሩ። ሲመረመሩ በሁለቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ሕያው ነበር። ከአዋጁ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልነበሩም። በሀብታም አገር፣ በታወቀ ተቋም፣ ከባለሙያዎች መሀል። ፈልገው ቢሆን ያገኙት ነበር፤ እንዲፈልጉ የሚነግራቸው ወረቀት ግን አልነበረም።

አሮጌው ፋይል ለአሁኑም ሥራ አለው። የዝንጀሮ ፈንጣጣ የምንለው በሽታ ሰው ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ኮንጎ ውስጥ ነው፤ የተገኘው ፈንጣጣ በሚፈለግበት ጊዜ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የዚህ በሽታ ታማሚዎች ሞያሌ ላይ አረጋገጠች። የድሮው የፈንጣጣ ክትባት ለዚህኛውም መከላከያ እንደሚሆን በዚያ ዘመን በተሠራ ጥናት ታውቋል። ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለደው ትውልድ ግን ክንዱ ላይ ጠባሳው የለም። ሮቢት ላይ ጠባሳው ያለው አያት እንጂ የልጅ ልጁ አይደለም። የትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት ሰው ተከተበ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ዛሬ መልሱን የሚያገኘው ከዚያ ዘመን ወረቀት ብቻ ነው።

ባዶውን የመጻፍ ልማድም አልቆመም። የጤና ባለሙያዎቻችን «ዜሮ ሪፖርት» የሚሉት ነገር አለ፦ ቁጥጥር በሚደረግባቸው በሽታዎች የታመመ ሰው ባይኖርም፣ አለመኖሩ በየሳምንቱ ይላካል። አገሪቱ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ጤና ኬላዎች አሏት። አንዱ ኬላ በዓመት 52 ሳምንት ቢልክ የሁሉም ድምር 884,000 ሪፖርት ይሆናል፤ በአንድ ዓመት ብቻ። አብዛኛው ላይ የሚጻፈው ያው ባዶ ነው። አንድ ሳምንት ሳይላክ ቢቀር ግን፣ ያ ሳምንት በሽታ አለመኖሩን ማንም ሊምል አይችልም።

ከዚያም የቤተሰብ ማህደሩ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር አንድ ቀበሌ ወደ 5,000 ሰው፣ 1,000 አባወራና እማወራ ይኖረዋል ተብሎ ታሰበ፤ ለዚያም ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። በኋላ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማህደር ተከፈተ። ማን ተወለደ፣ ማን ተከተበ፣ ማን ነፍሰ ጡር ናት፣ መጸዳጃ አላቸው ወይ፣ አጎበር አላቸው ወይ። አንድ ሺህ ማህደር በአሥራ ሰባት ሺህ ኬላ ሲባዛ 17 ሚሊዮን ይሆናል። የአንዱን ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ እናድርገው፤ ተደርድሮ ቢቆም 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሮቢት ተነሥቶ ወልድያን አልፎ መርሳን ይሻገራል። የመንግሥታቱ ማኅበር ቤተ መዛግብት በጄኔቫ 3 ኪሎ ሜትር መሆኑን አስታውሱ። የእኛው ከእሱ ሃያ ስምንት እጥፍ ይበልጣል፤ የሞሉትም በአብዛኛው በየቀበሌያቸው የተወለዱ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዓለም ላይ በአንድ አገር የገጠር ቤተሰቦች ላይ ከተጻፉት የጤና መዛግብት ይህን የሚያህል ብዙ አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ስለ ተወሰደው አልጋ፣ ስለ ማይክሮስኮፑና ስለ አምቡላንሱ ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው፣ ያለ እነሱ ሰው ይሞታል። አልጋ በዕርዳታም በግዢም ይተካል። የካርድ ክፍሉ መደርደሪያ መሬት ላይ ሲበተን ግን ሊተካው የሚችል ድርጅት የለም፤ የአንዲት ሕፃን ሦስተኛ ክትባት የተሰጣት ቀን በሌላ ቦታ አልተጻፈም።

አሁን ማህደሩ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። ሥራው ይቀላል፣ ሪፖርቱ ይፈጥናል፣ አንድ ኬላ ቢቃጠል ቅጂው ሌላ ቦታ ይገኛል። ደስ የሚል ነገር ነው። ታብሌቱ ሲገባ ወረቀቱ ማን ጋ እንደሚሄድ ግን ከአሁኑ መወሰን አለበት። ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ይህን የመሰለውን የመሰብሰብ ሥልጣን ተሰጥቶታል። 17 ሚሊዮን ማህደር አዲስ አበባ ሊገባ አይችልም፤ አያስፈልግምም። ከየወረዳው ጥቂት ቀበሌዎች ቢመረጡ፣ የእነሱ ማህደር ሙሉ በሙሉ ቢቀመጥ፣ ከቆላው ሙቀት ወጥቶ ደጋ ባለ ደረቅ ክፍል ከአሲድ በጸዳ ሣጥን ቢደረደር፣ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ቢያዝ ይበቃል። ከራያ ቆቦ ወረዳ አንዱ ሮቢት ይሁን። በአንድ ቀበሌ አንድ ሺህ ማህደር ማለት በእኛ ስሌት አምስት ሜትር መደርደሪያ ነው።